ከድጋፍ ግንብ አጠገብ የትኛው ዛፍ ይተከል?

የግቢና የጓሮ ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ክረምቱ ሲቃረብ ለዚህ ዓምድ የሚላኩት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ችግኝ ናቸው። ለዚህ ዕትም የመረጥኳቸው ሦስቱ በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት ሠርተው ግቢያቸውን በድጋፍ ግንብ ደረጃ በደረጃ ካስተካከሉ አንባቢያን የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ ለእሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ

ከቡራዩ በኩል የጻፉልን አንባቢ እንዲህ ይላሉ፦ «ቦታችን ተዳፋት ስለሆነ ከሁለት ዓመት በፊት 18 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ተኩል ቁመት ያለው የጥቁር ድንጋይ ድጋፍ ግንብ አሠርተናል። ከግንቡ በላይ ባለው ሜዳ ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቡና ይጠጣል፤ ከቀትር በኋላ ግን ፀሐዩ አያስቀምጥም። ባለቤቴ ቶሎ ያድጋል ብሎ ግራቪሊያ መትከል ይፈልጋል። አባቴ ደግሞ ዋርካ የሌለው ግቢ ግቢ አይባልም ይላሉ። ግንቡን የሠራልን ግንበኛ ግን ‹ከግንብ አጠገብ ዛፍ የሚባል ነገር እንዳታስቡ፣ ሥሩ ይንደዋል› ብሎ አስጠንቅቆናል። ማንን እንስማ?»

መልስ

ከሦስቱ ይልቅ ለግንበኛው ቃል ክብደት እሰጣለሁ፤ ይሁን እንጂ እሱም የነገረዎት ግማሹን ብቻ ነው። በከተማችን ዙሪያ ተንደው ካየኋቸው ግንቦች መካከል ዛፍ ብቻውን የጣላቸው ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹን የጣላቸው ከጀርባቸው መውጫ አጥቶ የተጠራቀመ ውኃ ነው። ዛፉ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከውኃው በኋላ ነው፤ ውኃው ባላላው የድንጋይ መገጣጠሚያ በኩል እንደ ፀጉር የቀጠነ ሥር ሾልኮ ይገባል፣ ከዓመት ዓመት ይወፍራል፣ በመጨረሻም ድንጋዩን ከቦታው ይገፋዋል። ግንቡ በወደቀ ጊዜ በፍርስራሹ መካከል ተጋድሞ የሚታየው ሥሩ ስለሆነ ጥፋቱ ሁሉ በዛፉ ይላከካል፤ ውኃው ግን ፈስሶ ሄዷልና ማንም አያስታውሰውም።

የውኃውን ጉልበት በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። ከግንብ ጀርባ ውኃ እስከ አናቱ ቢሞላ፣ 1 ሜትር ቁመት ባለው ግንብ ላይ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ግማሽ ቶን ያህል ግፊት ያሳርፋል። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን በ2 ሜትር ግንብ ላይ 2 ቶን ይደርሳል፤ በእርስዎ ግንብ ላይ ደግሞ ከ3 ቶን ጥቂት ያልፋል። ይህ በ18 ሜትሩ ርዝመት ሲባዛ ከ50 ቶን በላይ ነው፤ አፈሩ ራሱ የሚገፋው ገና አልተቆጠረም። አዲስ አበባና አካባቢዋ በዓመት ከሚያገኙት 1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆን ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ስለሚወርድ፣ ግንቡ የሚፈተነው በእነዚህ ሁለት ወራት ነው። የቤትዎ ጣሪያ ውኃም ወደዚያው ሜዳ የሚወርድ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 3,000 ሊትር ውኃ፣ ማለትም 15 በርሜል፣ በአሸንዳው በኩል በአንድ ከሰዓት ይወርዳል።

ስለዚህ ወደ ችግኝ ጣቢያ ከመሄድዎ በፊት ግንቡን ይመርምሩ። አንድ ቀን ከባድ ዝናብ ካባራ በኋላ ጃንጥላዎን ይዘው ከግንቡ ሥር ይቁሙና የውኃ ማስወጫ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ። ከቀዳዳው ጥርት ያለ ውኃ ከወረደ ከጀርባው ያለው ጠጠር ሥራውን እየሠራ ነው። ውኃው ቡናማ ሆኖ ከወረደ አፈሩ እየታጠበ በመውጣት ላይ ስለሆነ ከላይ ያለው ሜዳ ውሎ አድሮ መስመጡ አይቀርም። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ላይኛው ሜዳ ጭቃ ሆኖ ሳለ ቀዳዳው ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ነው፤ ተደፍኗል ማለት ነውና በቀጭን ፌሮ በጥንቃቄ ይሞክሩት። ቀጥለው ቱንቢ ከግንቡ አናት ላይ ያውርዱ፤ የድጋፍ ግንብ ፊት ቀጥ ማለት ወይም ወደ አፈሩ ጥቂት ማዘንበል ሲገባው መሐል ላይ ሆዱ ተነፍቶ ከተገኘ የዛፉ ጉዳይ ይቆይና ባለሙያ ይጥሩ። በእኛ አገር ብዙ ግንበኛ የድንጋዩን ፊት አሳምሮ ያበጃል፤ ማንም ለማያየው ጀርባ ግን ጠጠር መሙላቱን ወጪ ማብዛት አድርጎ ይቆጥረዋል። ግንበኛዎን ስለ ዛፍ ሲያስጠነቅቅዎ ይህንንም ጠይቀውት ቢሆን ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ ሥሩ እንምጣ። ዛፍ ቁመቱን ያህል ወደ ምድር ይወርዳል የሚለው እምነት ሰፊ ነው፤ እውነታው ግን የአብዛኞቹ ዛፎች ሥር በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ተዘርግቶ ከቅርንጫፉ ጥላ ዳርቻ ብዙ ርቆ የሚሄድ መሆኑ ነው። ሥር እርጥበትና አየር ወዳለበት ያመራል። ከግንብ ጀርባ ያለው ጠጠርና የውኃ ቱቦ ደግሞ ሁለቱንም አሟልቶ ይይዛል። ይህን በራሴ ግቢ ተምሬዋለሁ። ከዓመታት በፊት ለአበባው ውበት ብዬ አንድ ጃካራንዳ ከድጋፍ ግንብ 1 ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ተከልኩ። በሰባተኛው ክረምት ሁለት ቀዳዳዎች ውኃ ማውረድ አቆሙ፤ በቀጭን ብረት ስጎረጉር ልክ ከትራስ ውስጥ እንደሚወጣ ጥጥ የተጠቀጠቀ ቡናማ የሥር ድር ተጎትቶ ወጣ። ግንቡ በዚያ በኩል አራት ጣት ያህል ተነፍቶ ነበር። ዛፉ ምንም አላጠፋም፤ የተከልኩት እኔ ነበርኩ።

ርቀትን በተመለከተ ለራሴም ለሚጠይቁኝም የምጠቀምበት መለኪያ ይህ ነው፦ ከግንብ በላይ ባለው ሜዳ ላይ ማንኛውም ዛፍ ቢያንስ የግንቡን ቁመት ያህል መራቅ አለበት፤ ምክንያቱም ግንቡን የሚገፋው የአፈር ሽብልቅ፣ ማለትም ከጀርባው ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን የአፈር ክምር፣ የሚገኘው በዚያ ወሰን ውስጥ ነው። በእርስዎ ግቢ ይህ 2 ሜትር ተኩል ይሆናል። እንደ ኮክና ፕሪም ላሉ ትንንሽ ዛፎች ይህ ይበቃል፤ እስከ 10 ሜትር ለሚያድጉት ከ4 እስከ 5 ሜትር፣ ከዚያ ለሚበልጡት ደግሞ 8 ሜትርና ከዚያ በላይ ቢሆን እመርጣለሁ። ትልቅ ዛፍ ከሥሩ በተጨማሪ ክብደቱንና የነፋሱን ጉልበት ይዞ ይመጣል፤ ግንዱ በነፋስ በተወዘወዘ ቁጥር እርጥብ አፈሩን ወደ ግንቡ ይገፋዋል።

የባለቤትዎን ግራቪሊያ በዚህ ሚዛን ስመለከተው ሥሩ ያን ያህል አያሳስበኝም፤ ገበሬዎቻችን በማሳ ዳር የሚተክሉት ሥሩ ወደ ጥልቅ ስለሚያዘነብልና ከሰብሉ ጋር ብዙ ስለማይሻማ ነው። የሚያሳስበኝ ከላይ ያለው ነው፤ ፈጥኖ ከ20 ሜትር በላይ ይመዘዛል፣ ቅርንጫፉ በነፋስ ይሰበራል፣ ቶሎ የማይበሰብሰው ቅጠሉም አሸንዳና የውኃ ቦይ ይደፍናል። ቡና ለሚጠጣ ቤተሰብ የሚሆነው ጥላ ዝቅ ብሎ ሰፋ ያለ እንጂ እንደ ምሰሶ የተመዘዘ አይደለም።

አባትዎ ስለ ዋርካ የሚሉትን በአክብሮት እቀበላለሁ፤ ዋርካ ግን የአደባባይ፣ የገበያና የሽምግልና ዛፍ ነው። ጥላው ብቻ ከ20 ሜትር በላይ ሊሰፋ ስለሚችል የአንድ ቤተሰብ ግቢ አይበቃውም። የዋርካና የሾላ ወገን የሆኑ ዛፎች ሁሉ፣ በየበረንዳው የምናየው የጎማ ዛፍም ጭምር፣ ለግንብ ከሁሉ የከፉ ጎረቤቶች ናቸው። እንዲያውም ሳይተከሉም ይመጣሉ፤ ፍሬውን የበላ ወፍ ከግንቡ አናት ላይ ሲቀመጥ ዘሩ በኩሱ ወርዶ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ይበቅላል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ግንቡን ዞር ብለው ይዩትና ሁለትና ሦስት ቅጠል ያወጣውን ሁሉ በእጅዎ ይንቀሉት። በሁለተኛው ዓመት በእጅ አይነቀልም።

የእኔ ምርጫ ወይራ ነው። ከቡራዩ ከፍታና ብርድ ጋር ይስማማል፣ እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ቅርንጫፉ በነፋስ አይሰበርም፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን ይዞ ይቆያል፣ በመቀስ ሲገራም እሺ ይላል። የተገረዘው ቅርንጫፍም አይጣልም፤ ደርቆ የወተት ዕቃ ይታጠንበታል። ጉድለቱ አዝጋሚነቱ ነው፤ ወንበር ዘርግቶ ከሥሩ ለመቀመጥ አሥር ዓመት ያህል መጠበቅን ይጠይቃል። ለዚህ ትዕግሥት ለሌለው ቤተሰብ አንድ ዘዴ አለ፤ ወይራውን ከግንቡ 5 ሜትር ርቀት ላይ ይትከሉና ከእሱ 3 ሜትር ያህል ፈቀቅ ብለው፣ ከግንቡ በተቃራኒው በኩል፣ ሁለት ትሪ ሉሰርን ይጨምሩ። ትሪ ሉሰርን ደጋ የሚወድ፣ ፈጥኖ አድጎ ከ5 እስከ 6 ሜትር ላይ የሚቆም፣ ዕድሜውም አጭር የሆነ ዛፍ ነው፤ እሱ አርጅቶ ሲቆረጥ ወይራው ቦታውን ይረከበዋል። ንብ ካለዎት አበባው፣ ፍየል ካለዎት ቅጠሉ ተጨማሪ ጥቅም ነው። ውኃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ግን ሥሩ ስለሚበሰብስ አይትከሉት። ወይራ የማያምርዎ ከሆነ ወልቀፋም ለዚህ ከፍታ የሚስማማ፣ ነጭ አበባ የሚያወጣና ብዙ የማይገዝፍ አገር በቀል ዛፍ ነው።

ፀሐዩ የሚያስቸግርዎ ከቀትር በኋላ ስለሆነ ዛፉ ከመቀመጫው በስተምዕራብ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአናታችን ብዙ አይርቅም። በደቡብ ወይም በሰሜን የተተከለ ዛፍ የአሥር ሰዓቱን ፀሐይ አይመልስልዎትም። ምናልባት ግንቡ ራሱ በምዕራቡ ጠርዝ ላይ ቢሆንና ርቀቱ አልበቃ ቢልዎ፣ ዛፉን ወደ ግንቡ ከማስጠጋት ይልቅ መቀመጫውን ወደ ምሥራቅ ይሳቡት። ወንበር ማንሳት ግንብ ከማንሳት ይቀልላል።

ሲተክሉ በየአቅጣጫው 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይበቃል፤ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ችግኙ በፕላስቲኩ ውስጥ ብዙ ቆይቶ ሥሩ ተጠምዝዞ እንደሆነ ይዩ፤ የተጠመዘዘውን በስለት ይቁረጡት፣ አለበለዚያ ዛፉ ሲያድግ ራሱን ያንቃል። በችግኙ ዙሪያ ውኃ የሚይዝ ጎድጓዳ ቀለበት ማበጀት ልማዳችን ነው፤ ከግንብ በላይ ግን ክረምቱን ሙሉ ቀለበቱን ያፍርሱትና ውኃው ከግንቡ ርቆ እንዲሄድ መሬቱን ያዘንብሉት። በበጋ መልሰው ይሥሩት፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃዋል።

ጥያቄ

ከገላን የጻፉት አንባቢ ግቢያቸው ጥቁር አፈር መሆኑን፣ 1 ሜትር ከ20 ቁመት ያለው የድጋፍ ግንባቸው በየበጋው እንደሚሰነጠቅና በክረምት ስንጥቁ እንደሚጠብብ፣ ከግንቡ 2 ሜትር ርቀት ላይም አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ መኖሩን ገልጸው፣ «ባሕር ዛፉን ነቅዬ በቦታው ዋንዛ ብተክል ችግሩ ይወገዳል ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

መልስ

በከፊል ይወገዳል፤ አነቃቀሉ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በመጋቢት ወር እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ በሜዳው ላይ ማየት በአቃቂና በገላን አዲስ ነገር አይደለም። ባሕር ዛፍ ከዚህ አፈር እርጥበቱን አጥብቆ ስለሚስብ በእሱ በኩል ያለው መሬት ከሌላው በበለጠ ይኮማተራል፣ ግንቡም በአንድ በኩል ድጋፉን ያጣል። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለዚህች ከተማ ማገዶና የቤት ማገር የሰጠ ዛፍ ነውና በጅምላ መውቀሱ አይገባም፤ ቦታው ግን የግንብ ጥግ አይደለም።

ዛፉን ከመሬት አስጠግተው በበጋ መጀመሪያ ላይ ያስቆርጡት፤ ጉቶውን ግን ቆፍረው አያውጡት። ጉቶ ለማውጣት የሚቆፈረው ጉድጓድ የግንቡን አፈር ያናጋል፣ ክረምት ሲመጣም ገንዳ ሆኖ ውኃ ያጠራቅማል። ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ቡቃያውን በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ መልቀም ይኖርብዎታል፤ ይህን ያለማቋረጥ ካደረጉ ጉቶው ተዳክሞ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ዛፉ ሲጠጣው የነበረው ውኃ በአፈሩ ውስጥ ስለሚቀር አፈሩ ከቀድሞው የበለጠ ያብጣል። ስለዚህ ስንጥቁን ወዲያውኑ በሲሚንቶ አይድፈኑት፤ ሁለት ክረምት ይለፍ፣ አፈሩ አዲሱን ልኩን ይያዝ። ሥሩ እየበሰበሰ ሲሄድ ባዶ መተላለፊያ ስለሚተው መሬቱ የሰመጠበትን ቦታ በየዓመቱ ይሙሉ። ግንቡን ጨርሶ ማደስ ካስፈለገ በዚህ አፈር ላይ ከሲሚንቶ ግንብ ይልቅ ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን፣ ይሻላል፤ አፈሩ ሲንቀሳቀስ አብሮ ጥቂት ይለመጣል፣ ውኃም በሁሉም በኩል ያሳልፋል።

ዋንዛ ለገላን ከፍታ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ፈጥኖ ያድጋል፣ ጥላውም ሰፊ ነው። ይሁንና ባሕር ዛፉ በነበረበት ቦታ ሳይሆን ከግንቡ 8 ሜትር ርቀት ላይ ይትከሉት። ብዙ ሰው ለመልኩ የሚወደው ቁንዶ በርበሬ ሥሩ የውኃ ቱቦ አሳዳጅ ስለሆነ በእርስዎ ግቢ አልመክረውም።

ጥያቄ

ከሱሉልታ፦ «ከድጋፍ ግንቡ በታች ባለው ሜዳ ላይ ሁለት ጊዜ አቮካዶ ተክዬ ሁለቱንም ጊዜ በኅዳርና በታኅሣሥ ተቃጠለብኝ። ከግንቡ ሥር ምን ባደርግ ይሻላል?»

መልስ

ያቃጠለው አመዳይ ነው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስለሚወርድ በሱሉልታ ሜዳ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለአቮካዶ አይሆንም። ፍሬ ከፈለጉ አፕልና ፕሪም ብርዱን ይፈልጉታል፤ ጥላ ከፈለጉ ደግሞ ኮሶ የዚያ ከፍታ ባለቤት ነው፣ ሰፊ ቅጠሉና ተንዠርጋጊ አበባው ለዓይንም ይማርካል። ኮሶ፣ የሐበሻ ጽድና ዝግባ ሲያረጁ ምን ያህል እንደሚገዝፉ ለመገመት ከችግኝ ጣቢያው ፕላስቲክ ይልቅ አንድ እሑድ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ሄዶ ቀና ብሎ ማየት ይረዳል፤ ከዚያ ሲመለሱ 8 ሜትር ብዙ አይመስልዎትም።

ከግንብ በታች መትከል ከላይ ከመትከል የተሻለ ቢሆንም አንድ አደጋ አለው። ከግንቡ እግር ፊት ያለው አፈር ግንቡ እንዳይንሸራተት ደግፎ የያዘው ስለሆነ በዚያ ላይ በክረምት ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር የግንቡን እግር መንቀል ነው። እስከ 2 ሜትር ድረስ ያለውን ቦታ ለሣርና ለትንንሽ ቁጥቋጦ ይተዉት፤ ቀጨሞ በመቀስ ቢከረከም ጥሩ አጥር ይሆናል፣ ጌሾም ለጠላው ይጠቅማል። ቁጥቋጦዎቹን ሲያሰልፉ የውኃ ማስወጫ ቀዳዳዎቹ ፊት ባዶ ይሁን፤ ሐምሌ ላይ ቆመው ሊያዩአቸው ይገባልና።